ሱሉልታ የቀረችው ሲስተር

ሰበታ አጠገብ ባለ አንድ የአበባ እርሻ ቢሮ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ፣ የፈቃድ ፎርም መሙላት፣ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ በሥራ አስኪያጁና በሠራተኞቹ መሃል ማስተርጎም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሆላንዳዊ ነው። ከሠራተኞቹ ግማሾቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ኦሮምኛ ይናገራሉ። ግማሾቹ ከደቡብ ለሥራ የመጡ፣ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ የሚዘምሩ ጴንጤዎች ናቸው። እኔ በአባቴ ኦሮምኛ፣ በእናቴ አማርኛ አፌን ስለፈታሁ፣ ጭቅጭቅ በተነሣ ቁጥር መሃል ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። መሃል መቆም ደግሞ ከሁለቱም ወገን መነቀፍ ነው።

በየሦስት ወሩ ለሥራ አስኪያጁ ከአገሩ በፖስታ አንድ ቀጭን መጽሔት ይመጣለታል። ምሳውን ዳቦ በአይብ እየበላ ያገላብጠውና ጠረጴዛዬ አጠገብ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ቀን አነሣሁት። ቋንቋውን ባላውቀውም ፎቶዎቹን አየሁ፤ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት፣ አበባ የተደረደረበት የሬሣ ሣጥን፣ ረጅም የሣር ጣሪያ ያለው አሮጌ ቤት፣ ሜዳ ላይ በረድፍ የቆሙ መቶ የሚሆኑ ሰዎች።

“ይሄ የምን መጽሔት ነው?” አልኩት።

“የቤተሰባችን ማኅበር መጽሔት ነው” አለኝ። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የእህል ወፍጮ የነበረው አንድ ሰውዬ ነበር፤ ከሱ የተወለዱ ሁሉ አባል ናቸው። ሊቀመንበር አላቸው፣ ጸሐፊ አላቸው፣ በዓመት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ። ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ቅድመ አያት የት ኖረ፤ ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል።

“እንደ እድር መሆኑ ነዋ!”

እድር ምን እንደሆነ ሳስረዳው ሳቀ። “አይ፣ እኛ አንቀባበርም። የሞተውን እንጽፋለን እንጂ።”

ያኔ እኔም ሳቅኩ።

ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና አንድ ፎቶ ሰጠኝ። የመጽሔቱ አዘጋጅ የአባቱ የአጎት ልጅ ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ከቤተሰቡ አንዲት ሴት በጃንሆይ ጊዜ ነርስ ሆና ኢትዮጵያ መጥታ ነበር አሉ። ጥቂት ዓመት ደብዳቤ ጻፈች፤ ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ሞተች የሚል ወሬ ደርሷቸዋል፤ እንዴት እንደሞተችና የት እንደተቀበረች ግን የሚያውቅ የለም። የቀረው ይሄ ፎቶ ብቻ ነው። ነጭ ልብስ የለበሰች ቀጭን ሴት ከአንዲት በቅሎ አጠገብ ቆማለች። የበቅሎዋን ልጓም የያዘ የሰው እጅ ከጠርዙ በኩል ይታያል፤ ሰውየው ግን ተቆርጧል። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ አንድ ቃል አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብሎ አነበበው፤ “ሱሉልታ።”

“አዘጋጇ ታሪኳን በመጽሔቱ ማውጣት ትፈልጋለች” አለኝ። “እኔ ሄጄ ብጠይቅ ማን ያናግረኛል? አንቺ ግን ሁለቱንም ቋንቋ ታውቂያለሽ።”

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ፈቃድና የሰው ማስጠንቀቂያ ስጽፍ ታሪክ ጻፊልን ያለኝ ሰው የለም። እሺ አልኩ። ምን ዓይነት ጊዜ ላይ እሺ እንዳልኩ የገባኝ በኋላ ነው።

ያ ሰሞን አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ማስተር ፕላን አገር ያናወጠበት ሰሞን ነው። ተማሪ ሰልፍ ይወጣል፣ መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ የታሰረና የሞተ ሰው ወሬ በየቤቱ ይሹለከለካል። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በሰው አፍ ያለው አንድ ቃል ነው፤ መሬት። በዚህ ላይ እኔ ደግሞ በየገበሬው ደጃፍ እየሄድኩ “ድሮ ፈረንጅ ነርስ የተቀበረችበት መሬት የማን ነው?” ብዬ ልጠይቅ ተነሣሁ። አሁን ሳስበው ራሴን እታዘባለሁ።

ከሰበታ ሱሉልታ ለመሄድ ቀጥተኛ ታክሲ የለም። ዓለም ገና፣ አየር ጤና፣ ከዚያ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቀሽ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ እንጦጦን ዞረሽ ቁልቁል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አንድ ዙሪያ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ግድ ነው። አራት ታክሲ ቀይሬ ስደርስ ረፋድ ሆኗል።

ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ፎቶውን አገላብጦ አየና “ደብዳቤ አለሽ?” አለኝ።

“የምን ደብዳቤ?”

“ከላከሽ መሥሪያ ቤት።”

ተመለስኩ። በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። “ይሄ በአማርኛ ነው፤ የሥራ ቋንቋችን ኦሮምኛ ነው” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ተመልሼ በኦሮምኛ ጻፍኩት። በሦስተኛው ጉዞ ያ ልጅ ለስብሰባ ወጥቷል። በአራተኛው አለቃው ተቀበሉኝ። ደብዳቤውን ቀስ ብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

“የአበባ እርሻ ስለ ሱሉልታ መሬት ምን አገባው?”

“ስለ መሬት አይደለም የምጠይቀው፣ ስለ መቃብር ነው።”

“መቃብር ሰማይ ላይ ነው እንዴ ያለው?”

ፎቶውን አሳየኋቸው። “በዚህ ጊዜ የድሮ ይዞታ ማንሣት ጥሩ አይደለም፤ ነገሩ ሲረጋጋ ነይ” ብለው ደብዳቤውን መለሱልኝ። መቼ እንደሚረጋጋ ብጠይቃቸው እሳቸውም አያውቁም። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ፤ ነገሩ ግን አልረጋጋም።

ከቢሮው ስወጣ ዝም ብዬ መንደር ውስጥ መጠየቅ ጀመርኩ። ያ ደግሞ ባሰ። ወረቀትና ፎቶ የያዘች፣ የከተማ ጫማ ያደረገች ሴት ሲያዩ ሰዎች በር ይዘጋሉ። አንዲት እናት አጥር ላይ ሆነው “ልትለኩ ነው የመጣችሁት?” አሉኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ እሳቸው ግን “እናንተ” አሉኝ። “አይደለም” ብዬ በኦሮምኛ ብምል “የመጀመሪያዎቹም በኦሮምኛ ነበር ያናገሩን” ብለው ገቡ።

የረዳችኝ አንዲት ባለ ሱቅ ናት። ዝናብ ሲያባርረኝ ሱቋ ገባሁ። አባቷ በጃንሆይ ጊዜ ከስልጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ ስኳር፣ ጃንጥላ፣ የፕላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። ተስፋ ስለቆረጥኩ ፎቶውን ምንም ሳላስብ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

“ነጭ የለበሰች ፈረንጅ፤ ይቺ ሲስተሯ ትሆን?” አለች። “እኔ አልደረስኩባትም። አባቴ ሁልጊዜ ያነሷት ነበር፤ ወንድሜን ያዋለደችው እሷ ናት ይላሉ። እህቴ፣ አሁን የሚያውቋት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። የክሊኒኩ ድሬሰር የነበሩ ሽማግሌ። ልጃቸው ቡራዩ ወስዳቸዋለች።” የልጅቷን ስልክ ከደብተሯ ፈልጋ ሰጠችኝ።

ቡራዩ ሄድኩ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ካቦርት ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

“አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?”

“ነጋዳ። ከየት ነሽ፣ ኢንተላ ኮ?” ልጄ ማለታቸው ነው።

“ከሰበታ። ከአበባ እርሻ።”

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። “አበባ!” አሉ። “እኔ ከአበባ እርሻ ሰው ጋር የምነጋገረው የለኝም። ደህና ግቢ።”

ልጃቸው አፍራ “አባባ፣ እንግዳ እኮ ናት” አለቻቸው። እኔም ፎቶውን እጃቸው ላይ አደረግኩና ለመሄድ ተነሣሁ። በጣም ደክሞኝ ስለነበር መለመን አላሰኘኝም።

ከበሩ ሳልደርስ ጠሩኝ። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ይዘውታል። ጠርዙ ላይ ባለው እጅ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው “ይሄ የኔ እጅ ነው” አሉ። “ዛሬ አይሆንልኝም። ሌላ ቀን ነይ።”

ሌላ ቀን የተባለው ወራት ፈጀ። አንድ ቀን መንገድ ተዘጋ፣ አንድ ቀን እሳቸው ታመሙ፣ አንድ ቀን እኔ ፈቃድ ተከለከልኩ። አዘጋጇ በየወሩ ኢሜይል ትጽፋለች፤ ደግ ደግ ቃል ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ሁልጊዜ “የመጋቢቱ እትም አለፈን”፣ “የሰኔውም አለፈን” ይላል። እዚህ ኢንተርኔቱ ለቀናት ስለሚጠፋ ሦስት ኢሜይል አንድ ላይ ይደርሰኛል። መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ “የዝናቡ ጉዳት ነው?” ብላ ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

በመጨረሻ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው ቤት ደረስኩ። ገና ከመቀመጤ ውጭ ጩኸት ተሰማ። ልጃቸው ሮጣ ገብታ “ታክሲ ቆሟል፤ አስፋልቱ ላይ ጎማ እያቃጠሉ ነው” አለች። መስኮቱን ዘጋች። ቀጥሎ ተኩስ ሰማን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከዚያች ክፍል አልወጣሁም።

ሽማግሌው የተኩሱን ድምፅ ያልሰሙ መሰሉ። ወይም ሰምተውት ማውራቱን መረጡ።

“ያኔ አዲስ ያገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ” ብለው ጀመሩ። ሲስተሯ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት አስተምራቸዋለች። ኦሮምኛ የለመደችው ከእናታቸው ነው፤ ማታ ማታ እናታቸው ቤት እየመጣች ቂጣ ትጋግር ነበር፤ ሁልጊዜም ታሳርረዋለች። እናታቸው በሷ ላይ መሳቅ ይወዱ ነበር። አንድ ክረምት ተስቦ ገባ። እሷ ቤት ለቤት እየዞረች ስታክም እሷንም ያዛት።

“በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ከተማ ይዘናት ወጣን። ወንዙ ሞልቷል። ሁለት ቀን ዳር ላይ ጠበቅን፤ ይጎድላል እያልን። በሁለተኛው ቀን ሞተች። እናቴ አብራ ነበረች፤ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ።”

“ለቤተሰቦቿ አልተነገረም?”

“እኔ ራሴ ጻፍኩ። ባለችኝ እንግሊዝኛ። አዲስ አበባ ላሉ ፈረንጆች ሰጠሁ። መልስ አልመጣም።”

የቀበሯት ከክሊኒኩ ጀርባ፣ አባታቸው የሚያርሱት ተረተር ላይ ነው። በኋላ አባታቸውም እናታቸውም እዚያው ከጎኗ ተቀበሩ። ሽማግሌው ሚስታቸውንም እዚያ ለመቅበር ያስቡ ነበር። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተረተሩ ለአበባ ኢንቨስተር ተሰጠ፣ በብሎኬት ሊታጠር ነው ተባለ።

“ስብሰባ ጠሩን፤ ለልማት ነው አሉን። መቃብር አለን አልናቸው። አጽም ያለው ሰው በአሥራ አምስት ቀን ያንሣ አሉ። አባቴን አነሣሁ፣ እናቴን አነሣሁ። እሷጋ ስደርስ አብሮኝ የሚቆፍረው ዘመዴ ‘ለዚችስ ፈቃድ የሚሰጥ ማነው? ተዋት’ አለኝ። እንዴት ነው የምተዋት? ግሬደር ሊሄድባት!”

አጽሟን በጨርቅ ጠቅልለው ከእናታቸው ጋር በአንድ ሣጥን አደረጉት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱት ቄሱ ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች ጠየቁ። ሲስተሯ ጴንጤ ነበረች፤ ፈረንጅ ነበረች፤ እውነቱን ቢናገሩ አይፈቀድም።

“አክስቴ ናት አልኳቸው። የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። የእናቴን ሰጠኋቸው። ሁለቴ አንድ ስም ጠርተው ፍትሐት አደረጉላቸው።”

ውጭ ተኩሱ ቆሟል፤ የጎማው ሽታ ግን በበሩ ስር ይገባል። ልጃቸው ቆማ ታለቅሳለች፤ ይህን ታሪክ ከዚያ ቀን በፊት ሰምታ አታውቅም።

“ጻፊው” አሉኝ። “ግን አንድ ነገር ስሚ። ከጻፍሽ ሁሉንም ነው የምትጽፊው። ለምን እንዳነሣኋት ትጽፊያለሽ። አጥሩን ትጽፊያለሽ። ግማሹን ብቻ ከጻፍሽ ውሸት ነው።”

“እሺ አባባ” አልኩ። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

መንገዱ ሲከፈት በእግሬ እስከ አስኮ ድረስ ሄድኩ። አስፋልቱ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ሽቦ ተሞልቷል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይራመዳል።

ስምንት ገጽ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ጽፌ አላውቅም። በእንግሊዝኛ ገልብጬ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበው።

“በጣም የሚያሳዝን ነው” አለ። “ግን የመሬቱ ነገር…”

“የመሬቱ ነገር ምን ሆነ?”

“ይሄ የቤተሰብ መጽሔት ነው። ፖለቲካ አይወጣበትም።”

“እኔ ፖለቲካ አልጻፍኩም። አጽሟ ለምን እንደተነሣ ነው የጻፍኩት። ሰውየው ባያነሷት ኖሮ ዛሬ መቃብር አይኖራትም ነበር።”

“ገባኝ። ግን እኛም እዚህ መሬት ተከራይተን ነው የምንሠራው። ሰው ሲያነበው ምን ይላል?”

“የዘመድህን አጽም ያዳነ ሰው ምን ይላል ብለህ ለምን አትጠይቅም?”

ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አደረግኩበት። ፊቱ ቀላ። ላስብበት ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ብዙ ጊዜ አስታወስኩት፤ “እያሰብኩበት ነው” ይለኛል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ለአዘጋጇ ራሴ ልልክ ሞከርኩ። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ኔትወርክ የለም፣ አንድ ቀን ቤቱ ዝግ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ቢሾፍቱ በኢሬቻ ዕለት ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈነዳ። ሐዘኑ ከየቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ሆነ። በዚያ ሳምንት በኛ እርሻ ላይ እሳት ተለቀቀ። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ የፕላስቲኩ ጭስ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ አየሁ። ከደቡብ የመጡት ልጃገረዶች ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው በእርሻ መሃል ሲሮጡ ጎረቤቶቻችን ግቢያቸውን ከፍተው አስገቧቸው። አሥራ ሁለቱ እኛ ቤት ሰነበቱ። በማን እንደምናደድ አላውቅም ነበር። ካቃጠሉት ልጆች የአንዳንዶቹን አባት አውቃለሁ፤ የድሮ መሬታቸው እርሻው ውስጥ ነው። ሥራ ያጡት ሴቶች ደግሞ እጄ ላይ ያለቅሳሉ። እዚህም መሃል ላይ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ገብቶ ነበር። አገር ሊለቅ ሲል ስልክ ደውሎ ጠራኝ። ፂሙ አድጓል። ጽሑፉን ከመሳቢያው አውጥቶ ይዞት ወጥቶ ኖሯል። “ከቢሮ ያወጣሁት ላፕቶፔንና ይሄን ብቻ ነው” አለኝ። “ለአዘጋጇ በእጄ እሰጣታለሁ።”

“እንዳለ?”

“እንዳለ።”

ቃሉን ጠበቀ። እንዳለ ሰጥቷታል። በዚህ ልወቅሰው አልችልም።

መጽሔቱ የደረሰኝ ሚያዝያ ላይ ነው፤ እህቴ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሳጥን በኩል። እኔ እስከዚያ ሥራ አልነበረኝም። ሥራ አስኪያጁ በገጹ መሃል የእንግሊዝኛ ትርጉም የያዘ ወረቀት አስገብቶልኛል። ታሪኳ ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ግማሽ ገጽ። የቤተሰባችን ልጅ በሩቅ አገር ሕመምተኞችን ስትረዳ በትኩሳት እንደሞተች፣ በሱሉልታ ኮረብታ ላይ ውብ እይታ ባለው ጸጥተኛ ቦታ እንዳረፈች ይናገራል። መጨረሻው ላይ “ለአካባቢው ሠራተኞች ትብብር እናመሰግናለን” ይላል። ከስሩ የአንድ ባልና ሚስት ስድሳኛ ዓመት የጋብቻ በዓል አለ። ከዚያ ደግሞ የአያቶችን የገና ኬክ አሠራር የሚያውቅ እንዲልክ የሚጠይቅ ማስታወቂያ።

ስለ አጥሩ የለም። ስለ ሣጥኑ የለም። ስለ እናታቸው የለም። ፎቶውን አሳምረው አትመውታል፤ ግን እንዲያምር ብለው ነው መሰለኝ ጠርዙን ቆርጠውታል። እጁ ጠፍቷል።

ያን ቀን ምግብ አልበላሁም። ውብ እይታ! ኮረብታው ላይ እኮ አሁን ያለው የብሎኬት አጥር ነው። ለነሱ ብዬ አራት ጊዜ ሱሉልታ ተመላለስኩ፣ ተኩስ ስር ተቀመጥኩ፣ የሽማግሌ ሰው ቃል ተቀበልኩ፤ እነሱ ደግሞ ኮረብታ አሳመሩ።

ባልነግራቸው ይቀለኝ ነበር። ግን ቡራዩ ሄድኩ። ሽማግሌው እንድተረጉምላቸው አዘዙኝ፤ ቃል በቃል ተረጎምኩ።

“የእናቴ ስም አለበት?”

“የለበትም።”

“አጥሩስ?”

“የለም።”

“አንቺ ነሽ የጻፍሽው?”

“አይ አባባ። እኔ ሁሉንም ጽፌ ነበር፤ እነሱ ቆረጡት።”

“ታዲያ ለማን ሰጠሽው?” አሉ። ቁጣቸው በነሱ ላይ አልነበረም፤ በኔ ነበር። “አሥር ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለቄሱም አልተናገርኩም። ላንቺ ተናገርኩ።” ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸው እስከ በር ሸኘችኝ።

ለአዘጋጇ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አላፍርበትም። መልሷ በሁለት ወሩ በፖስታ መጣ፤ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ጽሑፍ። ሙሉውን ልታወጣ ፈልጋ ነበር፤ የማኅበሩ ኮሚቴ ድምፅ ሰጥቶ ከለከላት፤ አንዳንዶቹ አባላት በውጭ አገር ሥራ ያላቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሽማግሌዎች ስለሆኑ ይረበሻሉ ተብሎ። ስምንቱ ገጽ በማኅበሩ መዝገብ ቤት ተቀምጧል፣ ወደፊት የሚመጣ ተመራማሪ ያነበዋል፣ እባክሽን ይቅርታ አድርጊልኝ ትላለች። ደግ ሴት እንደሆነች አውቃለሁ። ቢሆንም ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት እንጂ መልስ አልጻፍኩም። ወደፊት የሚመጣው ተመራማሪ ሆላንድ ውስጥ ነው የሚመጣው። ሽማግሌው ግን ቡራዩ ናቸው፤ ወደፊትም የላቸውም።

ስለዚህ አንድ ነገር አደረግኩ። ስምንቱን ገጽ ቁጭ ብዬ በኦሮምኛ እንደገና ጻፍኩት። ያለ ሥራ መቀመጤ ለዚህ ጠቀመኝ። እናታቸውን በስማቸው ጻፍኳቸው፤ አጥሩንም፣ አሥራ አምስቱንም ቀን፣ ያረረውንም ቂጣ። ነሐሴ ላይ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው ያስገቡኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ልጃቸው ናት ያስገባችኝ።

“ላንብብልዎት?” አልኳቸው።

እንቢ አላሉም፤ አነበብኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አቋረጡኝ። “በቅሎዋ ግራጫ አልነበረችም፣ ዳማ ናት።” አረምኩት። ወንዙጋ ስደርስ “ሁለት ቀን አይደለም፤ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት” አሉ። አረምኩት። ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አንብቢው አሉኝ። ጥሩ ነው አላሉኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። ሁለተኛውን ንባብ ስጨርስ “ልጆቼ ስንት ናቸው?” ብለው ልጃቸውን ጠየቁ፤ ቁጥሩን እያወቁት።

“አምስት፣ አባባ።”

“አምስት አድርጊው” አሉኝ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስደርስ መብራት ሄዷል። በማግስቱም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ማሽኑ ሁለት ቅጂ አውጥቶ በሦስተኛው ወረቀት ያዘ። ልጁ እየተሳደበ ከፍቶ አወጣው። አምስቱ ሲሞሉ ገና ትኩስ ሆነው በስቴፕለር አስመትቼ ለልጃቸው ወስጄ ሰጠኋት። የሷን ድርሻ የቤቱ ካርታ ካለበት ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ሱሉልታ ላለው፣ በጅማ መንገድ ተጂ ላለውና ለሌሎቹ ወንድሞቿ በሰው እልካለሁ አለች። ለሁሉም ደርሶ እንደሆነ አላውቅም፤ የተጂው መንገድ በዚያ ሳምንት እንደገና ተዘግቶ ነበር።